ወይኑ ይተንፍስ ባልኩ

ሐበሻ ወይን ይጠጣል እንጂ ወይን አያውቅም። ተቆጣችሁ? ተቆጡ። እኔ ግን አውቃለሁ። ማን አስተማረህ ካላችሁኝ... ማንም! ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሌላው ሾፌር ስለ ፖለቲካ ሲጨቃጨቅ፣ እኔ ከላይብረሪ ያወጣሁትን የወይን መጽሐፍ አነባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የመጠጥ ሱቅ በነጻ ያስቀምሳል። ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ፣ ከሁሉም በኋላ ነው የምወጣው። ተመርቄያለሁ ማለት ይቻላል።

የዛሬው ጉዳዬ ኮርቢዬር ነው። የደቡብ ፈረንሳይ ቀይ ወይን፤ ጸሐይ የጠገበ፣ ወፈር ያለ። አገሩ ድንጋያማ ኮረብታ ነው አሉ፤ ከወይኑ ጎን ጦስኝና የጥብስ ቅጠል በዱር ይበቅላል፣ ሽታውም ወይኑ ውስጥ ይገባል ይላል መጽሐፉ። የጥብስ ቅጠል! ይሄን ሳነብ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ፈረንሳዮቹ ከበግ ጥብስ ጋር፣ ከቦሎቄና ከቋሊማ ወጥ ጋር ይጠጡታል። ከዓሣ ጋር አይሆንም። ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር ደግሞ አፍ ውስጥ ነው የሚደባደቡት። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ለክብር ቀን ብዬ አስቀመጥኩ። የክብሩ ቀን መጣ። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሂሩት የምትባል ልጅ ሊያገባ ፈልጎ፣ እዚህ አገር እንደ አባት ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ ተፈራ "ቤታችሁን ሳላይ ሽማግሌ አልቀበልም" አሉ። እራት ጠራናቸው። ዳዊት እንቅልፍ አጣ።

"ወንድም ጋሼ፣ በናትህ ቢራ ብቻ ግዛ" አለኝ።

"ለአማትህ ቢራ? በኔ ቤት?"

"እሳቸው ቢራ ነው የሚወዱት።"

"ስላላወቁ ነው።"

የበግ ስጋውን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ካለው ሐበሻ ሥጋ ቤት አመጣሁ፤ የጥብስ ቅጠል ሳልሰስት በእጄ እያሸሁ ራሴ ጠበስኩት። አዋዜውን ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ኋላ ደበቅኩ። እንደ ሆድ የተነፋ አዲስ የወይን ብርጭቆም ገዛሁ። ሚስቴ አልማዝ አየችውና "ዓሣ ልታረባ ነው?" አለች። ብርጭቆዬን መወልወሌን ቀጠልኩ፤ አዋቂ ሰው ታጋሽ ነው።

ጋሽ ተፈራ መጡ። ወይኑን ከፍቼ የብርጭቆውን ሲሶ ቀዳሁና ጠርሙሱን ቀና አደረግኩ። ብርጭቆውን አዩት። እኔን አዩኝ። ጠበቁ።

"አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም ጋሽ ተፈራ። እንዲተነፍስ ቦታ ትቼለት ነው።"

"ምን ሆኖ ነው ትንፋሽ ያጠረው?"

ዳዊት ሳቀ፤ ብቻውን። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ ለእንግዳ ያልሞላ ብርጭቆ ማለት "መቼ ነው የምትሄደው?" ማለት ነው። እኔም አውቃለሁ። ግን መጽሐፉ ወይን ሽታው የሚወጣው አየር ሲያገኝ ነው ይላል...

ጥብሱ ቀረበ። አንዴ ጎረሱና ዓይናቸው ትሪውን ዞረው።

"አዋዜ የለም?"

"ይጣላሉ ጋሽ ተፈራ።"

"ማንና ማን?"

"አዋዜውና ወይኑ።"

ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። "ስማ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ልጄ የምትገባበትን ቤት ለማየት ነው። መጠጥ ለክታችሁ፣ ማባያ ደብቃችሁ... ነገ ልጄን ሲርባት እህሉ ይተንፍስ ልትሏት ነው?"

የዳዊት ፊት አመድ መሰለ። ጋሽ ተፈራ ካፖርታቸውን በዓይናቸው ሲፈልጉ አየሁ።

አልማዝ ጠርሙሱን ከእጄ መነተፈችኝ። "ይቅር ይበሉት ጋሽ ተፈራ፤ ድሮ ደህና ሰው ነበር፣ ማንበብ ነው ያበላሸው" እያለች ትቀዳለች። ያ ዓሣ ማርቢያ ጠርሙሱን ሙሉ መዋጥ ጀመረ።

"አልማዝዬ፣ በቃ..."

"ዝም በል።"

እስከ አፉ ሞላ። የመጨረሻዋ ጠብታ ተርፋ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አቀላችው።

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ግንባራቸው ተፈትቶ። "ሲፈስ ነው በረከት።" አዋዜውም ከወተቱ ኋላ ተማርኮ ወጣ።

ብርጭቆው ስለማይነሳ ጎንበስ ብለው ጠጡ። ጥብስ ጎረሱ። ደግመው ጠጡና ቆም አሉ። አሸተቱት።

"ይሄ ነገር... የጥብስ ቅጠል አለበት እንዴ?"

"ብዬ ነበር!" አልኩ። የሰማኝ የለም። ቀጥለው ጥብሱን አዋዜ ውስጥ ነክረው ሞከሩት፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

"ይሄኛው ያቃጥላል።"

"እኮ፣ ነገርኩዎት..."

"ደስ ይላል" አሉና ደገሙ።

ብርጭቆው ባዶ ሲሆን አፋቸውን ጠረጉ። "ሽማግሌ ላኩ።" ዳዊት ጉልበታቸውን ሊስም ተነሳ። "ቆይ። አንድ ነገር አለኝ" አሉ። "የሰርጉን ወይን ይሄ ሰውዬ ይምረጥ፤ ያውቅበታል። መቅዳት ግን እንዳይነካ።"

"ያውቅበታል" ያሉትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሌላውን እርሱት።

እና የዛ ወይን ጣዕም እንዴት ነበር ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ነበር፣ ጋሽ ተፈራን ጠይቁ። ለኔ የተረፈችኝ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ያለችው ጠብታ ናት። አልማዝ ልታጥበው ስትወስድ ተቀብያት አሸተትኩት። እውነትም የጥብስ ቅጠል ይሸታል።

ወይ ደግሞ እጄ ነው።