ለአንድ ጉድለት አራት ገጽ

ሙያ ሁሉ የተከበረ ነው፤ ደራሲነት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሌላው ሙያ ባለቤቱን እያበላ ሲከበር፣ ደራሲነት ብቻ ባለቤቱን እየበላ ይከበራል። የታሪካችን ሰው ይህን ጥልቅ እውነት ተገንዝቦ፣ ከሰባት ዓመት በፊት «ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ ከእንግዲህ በብዕሬ እተዳደራለሁ» የሚል አጭርና ታሪካዊ ደብዳቤ ጽፎ የመንግሥት ሥራውን ለቀቀ። ቃሉንም አላጠፈም። ባለቤቱ መምህር ናት፤ ቤቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ የተማሪ ደብተር በምታርምበት ቀይ ብዕር ይተዳደራል።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ልብ ወለድ ተገላገለ፤ አምስት መቶ ስልሳ ገጽ። ባለቤቱ ስድስት ጊዜ ማንበብ ጀምራ፣ ስድስቱንም ጊዜ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። እሱ ይህን የማስተማር ድካም አድርጎ ወስዶታል። በዚህ መሀል ወንድሟ በሚሠራበት የሲሚንቶ መጋዘን የንብረት መዝጋቢ ቦታ አገኘለት።

«ስማኝ የኔ ጌታ» አለችው አንድ ቀን። «አሳታሚው በዚህ ወር እሺ ካለህ ዕድሜ ልክህን ጻፍ፤ አፌን አልከፍትም። እምቢ ካለህ መጋዘን ትገባለህ።»

«እሺ ይላል።»

«በምን አወቅህ?»

«አንብቤዋለኋ!»

አሳታሚው ረቂቁን ለሁለት ዓመት ጠረጴዛው ላይ በክብር አኑሮታል። በመስኮቱ ነፋስ ሲገባ ሌሎች ወረቀቶች እንዳይበተኑ ይጭነዋል።

«ወንድሜ፣ ሥራህ ክብደት አለው» አለው እጁን ረቂቁ ላይ አሳርፎ። «ግን ስሙ ያልታወቀ ሰው ማን ያነባል? ከአንጋፋው መቅድም አምጣልኝና ነገውኑ ማተሚያ ቤት አስገባዋለሁ።»

አንጋፋው በሰው መጽሐፍ ሁሉ ላይ መቅድም ያላቸው ሰው ናቸው። የራሳቸውን መጽሐፍ ያየ የለም፤ ያለ እሳቸው መቅድም የወጣ መጽሐፍ ግን ራቁቱን አደባባይ እንደወጣ ይቆጠራል። ደራሲው ቤታቸው ሄዶ ረቂቁን በሁለት እጁ ሲያቀርብላቸው አልተቀበሉትም። ወገባቸውን ያማቸዋል።

«ልጄ፣ የሰጡኝን ሁሉ ካነበብኩ መቼ ልጽፍ ነው?» አሉት።

«ታዲያ መቅድሙስ፣ ጋሼ?»

«አንተው ጻፈዋ! መጽሐፉን ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል? እኔ እፈርማለሁ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ብቻ አደራህን፣ ለሰው እንዳታወራ፤ ለሚስትህም ቢሆን። ደግሞ አንዲት ጉድለት ጣል አድርግበት። ውዳሴ ብቻ ከሆነ ዘመዳሞች እንመስላለን።»

ውዳሴው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። «ዘመን አይሽሬ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ ገብቶበታል። ጉድለቷ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ቆመ። አምስት መቶ ስልሳውን ገጽ ቢያገላብጥ አንዲት ጉድለት አጣ። ቢቸግረው እንደ አንጋፋው ሆኖ ሊያይ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አወረደ፤ ወገቡን ያዝ አደረገ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበበ ገጽ አሥራ ሁለት ደረሰ። አዛጋው።

«ባለታሪኩ ጫማውን ለማሰር አሥራ አንድ ገጽ ይፈጅበታል፤ አንባቢው ጎንበስ ብሎ ሊያስርለት ይቃጣዋል» ሲል ጻፈ። ሳቁ መጣ። «ፍቅረኛው በየምዕራፉ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገራት የለም» ብሎ ቀጠለ። ዓመታት ሙሉ እንደ ሰነፍ አህያ ከኋላ እየገፋ ይነዳው የነበረው ብዕር አሁን እሱን ይጎትተው ጀመር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ አንዲቷ ጉድለት አራት ገጽ ሞላች።

መሰረዝ እንዳለበት አልጠፋውም። ሦስት ቀን ሊሰርዝ ተቀመጠ፤ ሦስት ቀን ሳይሰርዝ ተነሣ። መጽሐፉን ለማዳን አራቱን ገጽ መግደል ነበረበት፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም። ሕሊና ያለው ደራሲ ባማረ ዓረፍተ ነገር ላይ እጁን ያነሣል? በመጨረሻ ቆርጦ ውዳሴውን ሰረዘው። ከአራቱ ገጾች ጎን ሲታይ ያሳፍር ነበርና።

አንጋፋው ሳያነቡ ፈረሙ። አሳታሚው ግን አነበበ፤ ሆዱን ይዞ እስኪንፈራፈር ሳቀ።

«አንጋፋው እንዲህ ጽፈው አያውቁም!» አለ። «ለመጽሔታችን የፊት ገጽ ነው የማደርገው!»

«መጽሐፉስ?»

«የቱ? እ... አይ ወንድሜ። ያሉትን አላየህም እንዴ? እሳቸው እንዲህ ብለው እኔ ባትመው ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ አትዘን። ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ምክንያት መሆንም ራሱ መታደል ነው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጽሔቱ እቤት ገባ። ባለቤቱ ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀመጠች፤ ሦስተኛው ላይ ከሳቋ ብዛት እንባዋ ወረደ። ደራሲው በሩ አጠገብ ቆሞ ሰርቆ ያያታል። በአሥራ አራት ዓመት ትዳር በጽሑፉ አንድም ቀን አስቋት አያውቅም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ይህን ካለ መጽሐፉን በገዛ እጁ እንደቀበረውም ሊነግራት ነው። አፉን መልሶ ዘጋው።

«ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ያንተ መጽሐፍ መሆኑን ረስቼ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰውዬው ይጽፋሉ! እስከ መጨረሻው ነው ያነበብኩት። ምናለ አንተም እንዲህ ብትጽፍ ኖሮ?»

«ምን ይደረግ» አላት። «ተሰጥኦ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ ለወንድሜ ልደውልለት? ነገ ትጀምራለህ?»

«ደውይለት» አለና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ከዚያ በፊት ግን፣ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»