መንኮራኩር ፈሪው ጋሽ ከድር

ሬዲዮ ክፉ ወሬ ሳያወራ ቀድሞ የሚፈራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር እኖራለሁ፤ አጎቴ ጋሽ ከድር ናቸው።

እህቴ ዘይነባ እዚሁ አሰላ፣ ዕለት በዕለት እየሰፋ በሄደው ኮሌጅ ሥራ አገኘች። ሥራዋ ስለ መጀመሪያዎቹ የጠፈር መንኮራኩሮች የወጡ ጋዜጦችንና ፎቶግራፎችን በመልክ በመልካቸው ማስቀመጥ ነው። ጋሽ ከድር ግን መንኮራኩር ሲባል የሚታያቸው የሚንከባለል ነገር ብቻ ነው!

«ከጭላሎ ተራራ ቁልቁል ቢለቀቅ ማን ያቆመዋል? አትሄጂም!»

«አጎቴ፣ ወረቀት እኮ ነው!»

«ወረቀት ከሆነ ለምን ይቆልፉበታል?»

እውነቴን ነው፣ እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ ራሳቸው ሊያዩ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ዘይነባ መሳቢያውን ስትስበው ጓ! አለ። ጋሽ ከድር «ያ ረቢ!» ብለው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። እኔስ? ቀድሜያቸው ገብቼ ነበር።

ዘይነባ ጎንበስ ብላ አንድ የመንኮራኩር ፎቶግራፍ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩትና ከተደበቁበት ወጡ።

«ክብ አይደለማ! አይንከባለልም። በይ ሥሪ፣ ልጄ።»

ዘይነባ በደስታ እጃቸውን ስትስም፣ እሳቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ሹል ነው ግን፤ ሲወርድ ይወጋል።»

እኔ እንደሆንኩ ገና ከጠረጴዛው ሥር አልወጣሁም።