ጋሼ ስልሳ ሁለት አይመስሉም

በየሕንፃው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተ ዘመዱ አንድ ዕድሜ አስገማች አይጠፋም። ሳትጠይቁት ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞርና «እስቲ ስንት ዓመት እመስላለሁ?» ይላችኋል። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም። ዝቅ አድርጋችሁ ከገመታችሁ አሽቃባጭ ትባላላችሁ። ከፍ ካደረጋችሁ ጉዳችሁ ፈላ። ልክ ካገኛችሁት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሰላምታችሁ እዚያው ላይ ያበቃል። በኑሮዬ ብዙ አስገማቾች አጋጥመውኛል። የሁሉም የበላይ፣ ክቡር ዋና ዕድሜ አስገማች ግን እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር መነጽር የሚሸጡት ጋሼ ናቸው።

ቦታውም ለዚሁ የተሠራ ይመስላል። መነጽር ቤት የሚገባው ማን ነው? አርባን የተሻገረ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ክንዱ ያጠረው፣ «ዓይኔስ ደህና ነው፤ የዛሬ ጊዜ ጽሑፍ ነው ያነሰው» እያለ የሚያስተባብል ሰው ነው። ጋሼ ይህን ምስኪን ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፤ መለኪያውን አፍንጫው ላይ ይሰኩለታል፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ያስነብቡታል። ሰውየው መደናበር ሲጀምርና ወኔው ሲከዳው ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ፊቱ ላይ ይደቅናሉ።

«ፊደሉን ተወው። እኔን እየኝ። ስንት እመስላለሁ?»

«እ... ሃምሳ?»

«ስልሳ ሁለት!» ይላሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ኧረ አይደረግም!»

«ስልሳ ሁለት፣ ልጄ። ጥርሴም የራሴ ነው።»

ሰውየው መነጽሩን ይገዛል፤ ሲወጣም በሩ አጠገብ ባለው መስታወት የራሱን ፊት አይቶ አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ ጋሼና ሦስት ጎረቤቶች ነበሩ። ጠጋኙ እስኪመጣ ድረስ ሦስቱም ገምተው ጨርሰዋል፤ አንዷ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ገምታለች። ጠጋኙ በሩን በብረት ፈልቅቆ ጭንቅላቱን ሲያስገባ ሰዎቹ «አየር! አየር!» ይላሉ፤ ጋሼ ደግሞ «አንተስ የእኔ ልጅ፣ ስንት እመስላለሁ?» ይላሉ። ጠጋኙ ላቡን እየጠረገ «አርባ ስምንት» አለ። ያን ዕለት ጋሼ በደስታ ብዛት ምሳ አልበሉም።

እርግጥ ነው፣ ምስጢር አላቸው። ችግሩ ምስጢሩ በየሳምንቱ መለዋወጡ ነው። አንድ ሰሞን ለስላሳ ወንበር ላይ አለመቀመጥ ነበር። ቀጥሎ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ፎጣ አለማስነካት ሆነ። ከዚያ ደግሞ «ሰውን የሚያስረጀው ከሰዓት በኋላ የሚናደደው ንዴት ነው፤ ጠዋት የፈለግኸውን ያህል ተናደድ» ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ትቀበላለች። ከወንበራችን ላይ ትራሱን አነሳችው። እኔ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ የማነበው ከአገጬ ውሃ እየተንጠባጠበ ነው። ንዴትን በተመለከተም ጠዋት ላይ ለመጨረስ አልሰነፍኩም፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ጎረቤታችን ግድግዳ መሰርሰር የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሰዓት ነው።

«ጋሼን አታያቸውም?» ትለኛለች ባለቤቴ። «በአሥር ዓመት ይበልጡሃል እኮ! ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሻቸው አይሰማም። አንተ ካልሲ ስታደርግ ታቃስታለህ።»

ምን ልበል? እውነቷን ነው። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ካልሲ ሳደርግ አቃስታለሁ። ስለዚህ እንደ ደንቡ አከበርኳቸው። ይህ ሕንፃ ከገቡ ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንቱ አልኳቸው፤ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ ወገቤ እየጮኸ የሱቃቸውን የብረት መዝጊያ በየጠዋቱ ከፍ አደረግኩላቸው። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እደግ ልጄ» ይሉኛል።

ነገሩ የተበላሸው ከደረጃው ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ መነጽር ልትገዛ የመጣች ዕለት ነው። የመርፌው ቀዳዳ ጠፍቶባት ነበር የመጣችው። ባሏን የቀበረች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ስትስቅ ድምጿ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ ሴት ናት። ጋሼ ለኳት፤ ፊደሉን አስነበቧት፤ መነጽሩን መረጡላት፤ ዕድሜያቸውን ግን አላስገመቷትም! እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ፣ ማለት አልሰማሁም። ይህ ሰው ታሟል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ የጋሼ ሱሪዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ረዘሙ። ዛሬ አንዱን ሊያሳጥሩ ይሄዳሉ፤ ነገ ሌላውን። ሱሪው ሲያልቅ ኮቱ ጀመረ። እሷም በበኩሏ የመነጽሯ ብሎን በየጊዜው ይላላባት ነበር፤ ደህና ብሎን እኮ ነው። ሕንፃው በሙሉ አፉን ይዞ ይጠብቅ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቤታችን መጡና ለእንግዳ ያስቀረነው ለስላሳ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ባለቤቴ ደነገጠች።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«እንጋባ አልኳት።»

«እና?»

«እምቢ አለች። 'እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላጋጠመኝም፤ ከእርስዎ ጋር ስሆን ቀኑ ያጥርብኛል' አለችኝ። 'ግን የሞተው ባለቤቴ በሃያ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ስንት ዓመት አስታመምኩት። አሁን ደግሜ ሽማግሌ አስታምሜ፣ ደግሜ ልቀብር? አልችልም ጋሼ፣ አቅሙ የለኝም' አለችኝ።»

አንጀቴን በሉት። የማጽናኛ ቃል ፈልጌ ያገኘሁት ያንኑ የለመድነውን ነው። «እርስዎ እኮ ስልሳ ሁለት አይመስሉም!»

«አይደለሁማ።»

«ምን አሉ?»

«ሃምሳ ነኝ።»

ባለቤቴ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ፊታቸውን አየሁ። ግንባሩን፣ የዓይኑን ሥር፣ በጆሮ ግንዱ በኩል የሸበተውን ጠጉር አየሁ። ሃምሳ ነበር። ጥርት ያለ፣ ምንም የማያስደንቅ፣ እንደማንኛችንም ያለ ሃምሳ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍቀድልኝና አንቱታውን አቆማለሁ። ሰውየው በሁለት ዓመት ታናሼ ነው! ያንን ሁሉ ጠዋት መዝጊያ ያነሳሁለት፣ «እደግ ልጄ» ብሎ የመረቀኝ፣ ፎጣዬን ያስነጠቀኝ ሰው ታናሼ ነው። ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ ሰዓቱም ጠዋት ነው። ግን እውነቱን ልናገርና ልቤ ቅቤ ጠጣ። ባለቤቴን ዞር ብዬ አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ ማወዳደሪያ አየችኝ።

«ግን ሰው እንዴት ዕድሜውን ወደ ላይ ይዋሻል?» አልኩት።

መነጽሩን ሲያጸዳ እንደሚያደርገው የሸሚዙን ጫፍ እያሸ ነገረን። ሚስቱ የሞተች ዓመት አርባ ሦስት ነበር። አይበላም፣ አይተኛም፣ ጢሙን አይላጭም። አንድ ቀን ጫማ ሊገዛ ሲገባ ሻጯ አየችውና «አባባ፣ ሃምሳ ይሆንዎታል?» አለችው። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እሱም እልህ ይዞት «ሃምሳ አምስት ነኝ» አላት።

«'ኧረ! አይመስሉም! እንዴት አድርገው ነው የያዙት?' አለችኝ» አለን። «በዚያ ዓመት ያየኝ ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር። ጥሩ ነህ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። በነጋታው ጢሜን ተላጨሁ። ከዚያማ በቃ፣ መልመድ ሆነ።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ንገራታ!» አልኩት። «ችግሯ ዕድሜህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት በነፃ ሰጠሃት ማለት ነው።»

«እሱማ ይገባኛል። ግን ውሸታም ነው ብትልስ? ደግሞም ያኔ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል። ሃምሳ ዓመት ሆኖ ሃምሳ ለሚመስል ሰው ማን 'ኧረ!' ይላል?» ብድግ አለ። «አብረኸኝ ና። ብቻዬን ከሄድኩ ሌላ ሱሪ አሳጥሬ ነው የምመለሰው።»

ወረድን። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ እጅጌ ትገጥማለች። እኔ ጨርቅ የማያስፈልገኝ ሰው ጨርቅ መምረጥ ጀመርኩ። እሱ መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ፣ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ፣ ሁሉንም ተናገረ፤ ጫማ ሻጯን፣ ሚስቱን፣ ስልሳ ሁለቱን። አንድም ጊዜ አላጋነነም። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

መኪናዋን አቆመች። መነጽሯን አወለቀች።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ዋሹኝ?»

«አንቺን ብቻ አይደለም፤ ሕንፃውን በሙሉ።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ተሳክቷል ብዬ የያዝኩትን ጨርቅ አስቀመጥኩ። ግን ቀስ በቀስ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«እንግዲያው እኔም ልንገርዎ» አለች። «እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ብዬ የፈራሁት ሰው ታናሼ ሆኖ ቁጭ አለ። ሰው ምን ይላል? ያውም እኔ ዕድሜዬን የምደብቅበት ፊት የለኝም፤ ሃምሳ አራቱን ነው የምመስለው።» እጇን አየች፤ መርፌ የወጋጋውን፣ ቆዳው የላላውን እጇን።

ያ አፉ የማያርፍ ሰው እጇን ብቻ ያያል። እኔ በልቤ «በል እንጂ ተናገር፣ አንተ ቀጣፊ!» እለዋለሁ። የዚያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት፤ ባይሳካለት ቤቴ ገብቼ የማለቅስ ይመስለኝ ነበር።

በርጩማዋን ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ያዘ።

«ለአራት ዓመት ነው የምትጨነቂው?» አላት። «ዕድሜ መጨመር እንደሆነ እኔ እችልበታለሁ። እደርስብሻለሁ።»