የሚስቴ ጥገኛ

ቪዛ ዓይነት እንዳለው ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም። ወይ ይሰጣል ወይ ይከለከላል፣ በቃ፣ እሱ ነበር የሚመስለኝ።

ባለቤቴ መዓዛ ነርስ ናት። አውሮፓ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ሲቀበላት እኔም ደስ አለኝ፣ ሰፈሩም ደስ አለው። ከደስታው ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። እሷስ በተማሪ ቪዛ ትሄዳለች፤ እኔ በምን ልሂድ? ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ተለያይተን ልንኖር ነው እንዴ?

የቪዛ ፎርም የሚሞላልን ጉዳይ አስፈጻሚ ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንዱ፣ የቋንቋ ኮርስ ተመዝግቤ የራሴን የተማሪ ቪዛ ማውጣት። ሌላው፣ በሷ ስር በጥገኛነት መሄድ።

ጥገኛ? እኔ እኮ የባዮሎጂ መምህር ነኝ! ጥገኛ ምን እንደሆነ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ። ኮሶ፣ ወስፋት፣ መዥገር። አሁን ከነሱ ጋር ልሰለፍ? «የራሴን አወጣለሁ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ማታ ለመዓዛ ነገርኳት። ኮርሱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስድስት ወር። ከዚያስ? ከዚያማ ቪዛው ያልቃል፣ እመለሳለሁ። መሥራትስ ይቻላል? አይቻልም። በጥገኛነት ከሆነ ግን እሷ እስክትጨርስ መኖርም መሥራትም እችላለሁ። ሻይዋን ጠጣች። ብትጨቀጭቀኝ ይሻል ነበር።

እዚሁ ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡልንን ሐጂ አብዱላሂን አማከርኩ። ቁንዶ በርበሬ እየሰፈሩ፣ ቋንቋውን ለመማር ያን ያህል እጓጓ እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም፣ አልኳቸው። «ወላሂ፣ ካልጓጓህ ምን ብለህ ነው ተማሪ ነኝ የምትላቸው?» አሉኝ። እውነትም ምን ልል ኖሯል?

እሁድ አቦከር ሰፈር ወላጆቼ ቤት ሄድን። አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«የሴት ጥገኛ? የኔ ልጅ?»

መዓዛ አንገቷን ደፋች። እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እርስዎ ሐረር ሲመደቡ እኔ በምን መጣሁ?» አለቻቸው። «ሥራ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ አገሩን አላውቀው። እርስዎን ብዬ መጣሁ። ጥገኛ ብሎ የጠራኝ ነበር?»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺማ ቤቱን ያቆምሽው አንቺ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱም ያቁማ!»

ጎመኑን በላን። አባቴ መዓዛን ደጋግመው ሲያጎርሷት አየሁና ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ።

አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ልሠራ እንደምሄድ ተጠየቅሁ። «ሚስቴ ልትማር ነው፤ እኔ አብሬያት ልኖር» አልኩ። ሳልዋሽ መመለስ እንዴት ያለ እረፍት ነው! ጠያቂዋም ፈገግ አለች።

ተመልሰን ስንጠብቅ ከረምን። አንድ ቀን ፓስፖርት መጣ። አንድ ብቻ። የኔ! የተማሪዋ ገና ነው፣ የጥገኛው ደርሷል። አሁን እኔ ሄጄ ማንን ልጠጋ?

የሷም በሳምንቱ ደረሰ። እስኪደርስ ግን መዓዛ በሳቅ ገደለችኝ። ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስትወጣ በር ላይ ዞር ትልና፣ «ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ቀድመህ ሂድና ክፍል ገብተህ ማስታወሻ ያዝልኝ» ትለኛለች።