በግ የጅብ ጥርስ የቆጠረችበት ምሳ ሰዓት

ትናንት በምሳ ሰዓት አልጋነሽ ሕልም አየች። ቀን የታየ ሕልም አይፈታም የሚል ሰው ካለ አይፍታው፤ እኛ እንደሆነ መናገራችን አይቀርም።

አልጋነሽ ከሞጆ ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ውስጥ የአውሮፕላን የጭነት በር ትመረምራለች። የፋብሪካውን ስም አንጠራም፤ ሰዎቹ ለመክሰስ ከማንም ይፈጥናሉ፣ ለመመርመር ብቻ ነው የሚዘገዩት። ሥራውን ከጀመረች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእሷ ማኅተም ያላረፈበት በር ከግቢው አይወጣም።

ትናንት ጠዋት አንድ በር ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ከልኩ በላይ ወደ ጠርዙ ተጠግተው ተበስተው አገኘች። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ውሎ አድሮ ብረቱን ያሰነጥቃል። አለቃዋ ኢንጂነር ልዑልሰገድ መጣና በሩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«አልጊ፣ ሁለት ቀዳዳ ምን አላት? ደንበኛው እየጠበቀ ነው። ከምሳ ስትመለሺ ማኅተሙን አሳርፊ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሥራሽ ዕቃ ግምጃ ቤት ጓንት ማደል ነው።»

ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ እንዲሁ ብሏት፣ ሦስት ጊዜ ማኅተሙን መትታለታለች። እነዚያ ሦስት በሮች ዛሬ የት ሰማይ ላይ እንዳሉ እግዜር ይወቅ። አልጋነሽ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች፣ ካርቶን አነጠፈችና ጋደም አለች። ምሳዋንም አልበላችም።

ወዲያው በሕልሟ ፋብሪካው ውስጥ ነበረች። ፋብሪካው ያው ነው፣ ወለሉ ግን ወደ ላይ ሄዷል። ሠራተኛው ተዘቅዝቆ ቆሞ ሻዩን ይጠጣል፤ አንዲት ጠብታ አትፈስም። መካከል ላይ አንድ አውሮፕላን መነጽር አድርጎ፣ ነጭ ጋዋን ደርቦ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አለቆች ሁሉ ሸሚዛቸውን አውልቀው ፊቱ ተሰልፈዋል።

«ቀጥል» አለ አውሮፕላኑ።

ኢንጂነር ልዑልሰገድ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቀረበ። አውሮፕላኑ ባትሪ አብርቶ አንገቱን አየው።

«ስንጥቅ አለህ።»

«ትንሽ ናት ጌታዬ። ቀለም ቢቀቡኝ አትታይም።»

«እንዳትታይ አይደለም የምፈልገው፤ እንዳትኖር ነው።»

«ደንበኛ ይጠብቀኛል እኮ።»

«ይጠብቃ። የሚጠብቅ ደንበኛ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው።»

ሁለት መፍቻዎች ኢንጂነሩን ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው የተበላሸ ዕቃ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አወጡት። እዚያ እግሩን አንጠልጥሎ ቁጭ አለ። አልጋነሽ ሳቋ መጣ፣ ሳትስቅ ግን ፋብሪካው ሜዳ ሆነ።

ሜዳው ላይ በጎች ጅቦችን ይጠብቃሉ። አንዲት ወፍራም በግ መዝገብ ይዛ የእያንዳንዱን ጅብ አፍ ታስከፍትና ጥርሱን ትቆጥራለች። የጅቦቹ አለቃ ተበሳጭቷል።

«በየማለዳው አፍ ክፈቱ፣ አፍ ክፈቱ። ሥራ አላሠራችሁንም» አላት። «እኛ እኮ ራሳችንን በራሳችን መቆጣጠር እንችላለን። ሠልጥነናል።»

«ሥልጠናችሁን አጎቴ አይቶታል» አለች በግ። «ስንት ብዬ ነበር? አንተ አደናገርከኝ፣ በል እንደገና ክፈት።»

ጅቡ እየተነጫነጨ ከፈተ። አልጋነሽ ዕድሜ ልኳን እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር አይታ አታውቅም። «እዚህ አገር ሥራ ይገኛል?» ልትላት አፏን ስትከፍት ግን አየር ላይ ነበረች።

አውሮፕላን ውስጥ ናት። ተሳፋሪው ሁሉ እየተጋገዘ ያበርራል፤ አብራሪው ብቻ ከኋላ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ከጭነት በሩ ሥር ኢንጂነር ልዑልሰገድ በሩን በሁለት እጁ አቅፎ ይዟል። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ንፋሱ እያፏጨ ይገባል። እዚህ አገር በር ያሳለፈ ሰው በሩ ሥር ተቀምጦ ይሄዳል፤ ሕጉ እንዲህ ነው።

«አልጊ፣ ይህን በር ማን ነው ያሳለፈው?»

«እርስዎ አዘዙ፣ እኔ መታሁ።»

«ታዲያ ለምን እምቢ አላልሽኝም?» አለና አለቀሰ። «አንቺ እኮ ታውቂ ነበር። ለምን ዝም አልሽኝ?»

ከፊት ያሉ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ መሪውን ለጎረቤታቸው ሰጡና ወደ አልጋነሽ ዞሩ። የተቆጣ ፊት አልነበራቸውም፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ «ማኅተሙን ስትመቺ እኔ ትዝ ብዬሽ ነበር?»

ትዝ አላሏትም ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ትዝ ያላት የገዛ እንጀራዋ ነበር። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። «እምቢ» ልትል ፈለገች፣ ድምፅ የለም። እንደገና ሞከረች። በሩ ተንቀጠቀጠ። ባለ በሌለ ኃይሏ ጉሮሮዋን ከፈተችና...

«አልጊ። ተነሺ እንጂ፣ ሰዓት አለፈ።»

ኢንጂነር ልዑልሰገድ የልብስ መቀየሪያው ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ አንገቱ ደህና ነው። ከኋላው ክራቫት ያሰረ ወጣት ከነማኅደሩ አለ። ደረቱ ላይ የመንግሥት የአውሮፕላን ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። አልጋነሽ እፎይ አለች።

«እግዜር ነው ያመጣህ» አለችው። «ና በሩን ላሳይህ።»

«በር እንኳ አላይም፣ እትዬ» አለ ወጣቱ በትሕትና። «ፋብሪካው በደኅንነት አንደኛ ስለወጣ ዋንጫ ላስረክብ ነው የመጣሁት።»

«ሳታዩ?»

«ሰው ስለሌለን ምርመራውን ለፋብሪካው በውክልና ሰጥተናል።»

«ታዲያ እዚህ የእናንተ ተቆጣጣሪ ማን ነው?»

ወጣቱ ማኅደሩን ገልጦ ጣቱን እያስኬደ ፈለገ። «ወይዘሮ አልጋነሽ ደምሰው ይላል። ከተወከሉ ዓመት አልፎታል። አልነገሩዎትም እንዴ?»

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወረቀት ነገር ነው አልጊ፣ ለደንቡ ያህል...»

«እኔ ካላሳለፍኩ መንግሥትም አላሳለፈም ማለት ነው?» አለች ወጣቱን እያየች።

«በወረቀቱ መሠረት፣ አዎ።»

አልጋነሽ ካርቶኗን አጥፋ አስቀመጠች። ሁለቱ እየተከተሏት በሩ ወዳለበት ሄደች። ከኪሷ ሁለት ቀይ ካርዶች አወጣች፣ ሁለቱም ላይ «ይህ በር አይበርም» ብላ ጻፈች፣ ሁለቱም ላይ ፈረመች። ከዚያ በሁለቱ ቀዳዳዎች ሽቦ አሾልካ አንዱን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አሰረች።

«ይኼኛው የፋብሪካው ነው፣ ያኛው የመንግሥት» አለች። «በሉ ኢንጂነር፣ የቱን ነው የሚበጥሱት?»