ኮምፒውተራችንን ያጠጣንበት በርሜል

ሐምዛ ከጭሮ የሄደው ኮምፒውተራችን ውሃ ገብቶበት ስለሞተ ነው። ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ድህነት ነው የሚሉ አሉ፤ ድህነትማ ከዚያም በፊት ነበረ፣ አብሮን ነው ያደገው። የጓደኛ ግፊት ነው የሚሉም አሉ። ጓደኛው እኔ ነበርኩ፤ የገፋሁት ወደ ማይክሮፎን ብቻ ነው።

ሰው ስለ ስደት ሲያወራ ትልልቅ ምክንያት ይወዳል። በየስብሰባው ተጠርቼ ብዙ ሰምቻለሁ። ሥራ አጥነት ይባላል፣ የግንዛቤ ማነስ ይባላል፣ ደላላ ይወገዛል፣ ለስላሳ ይታደላል፣ ወጣቱ ተመክሮ ይበተናል። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የማስበው ስለ አንድ በርሜል ነው። እጅ አውጥቶ ስለ በርሜል መናገር ደግሞ ያስቃል። ስለዚህ ዝም እላለሁ። እናንተ ስብሰባ ላይ ስላልሆናችሁ ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ውጤቱ የትም የማያስገባ ሲሆን ሁለታችንም ጫት ጭነት ገባን። ከመሰላ በኩል የሚመጣውን እስር አይሱዙ ላይ እንወረውራለን። ሥራው ሩጫ ነው። ጫቱ እንዳይጠወልግ ውሃ ይረጩበታል፤ እኛን የረጨን የለም። ሐምዛ ግን እየጫነም ይዘፍን ነበር፤ ኦሮምኛውን ጀምሮ ሳይታወቀው አማርኛ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። የሚሳደበው ሾፌር ሳይቀር ጥሩምባውን ትቶ ያዳምጠዋል። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ ኪቦርድ የለመድኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ለዘፈን መጫወቴ ሲሰማ ከመዘምራኑ ወጥቼ ሕዝቡ መሀል እንድቀመጥ ተደረገ። አልተከራከርኩም። በዚያ ዕድሜዬ ስለ ምንም ነገር ተከራክሬ አላውቅም።

ከጭነቱ ባጠራቀምነው ከድሬዳዋ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛን። ሐጂ ዑመር ከተባሉ ሽማግሌ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን የጭቃ ክፍል ተከራየን። ግድግዳዋን በጆንያና በእንቁላል ትሪ ሸፍነን ስቱዲዮ አልናት። ያኔ የሰፈራችን ልጆች በጅቡቲ አድርገው ባሕር ለመሻገር ይዘጋጁ ነበር፤ ሐምዛም ለደላላው ስሙን ሰጥቷል። አንድ የድሬዳዋ ሙዚቃ ቤት ደግሞ ለዒድ ካደረሳችሁልኝ አወጣዋለሁ ብሎናል፤ ከዒድ በኋላ ሰርግ ስለሚበዛ ካሴት የሚሸጠው ያኔ ነው።

«ካሴቱ ከወጣ እቀራለሁ» አለኝ ሐምዛ። «ካልወጣ ግን እንዳትለምነኝ።»

አልለምንህም አልኩት። ኮምፒውተሩን ግን ለመንኩት። ችግሩ ፋኑ ነበር። የኮምፒውተር ፋን ሲያረጅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሐምዛ ስለ ፍቅር ሲያለቅስ ከኋላው ወፍጮ ይፈጫል። ፋኑን ስንነቅለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ይግልና ዘፈኑ መሀል ላይ ጭልም ይላል። ሦስተኛ ምርጫ አልነበረም። ለእኛ ዕድሜ ልጆች ሦስተኛ ምርጫ ብዙም አልተሠራም።

አንድ ቀን በከተማው ብቸኛ ኢንተርኔት ቤት አንድ ፎቶ ከፈትን። አገሩን የማናውቀው ፈረንጅ ኮምፒውተሩን በመዳብ ቱቦ ውስጥ በሚዞር ውሃ ያቀዘቅዛል። ፋን የለውም። ቱቦው ተጠማዝዞ እንደ ጌጥ ያበራል፤ ሰውዬው የሠራው ለውበት ነው። ፎቶው ከላይ ወደ ታች በዝግታ እየተገለጠ ወረደ፤ ከግማሹ ሲደርስ መብራት ሄደ። የታችኛውን ግማሽ አላየንም። ውሃው የሚቀመጠው ማንም በማይነካው፣ ታሽጎ በተከደነ ዕቃ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ማወቅ ለምንም አይጠቅምም።

የሐምዛ አባት ፍሪጅ ሠሪ ናቸው። ለጥገና ካስቀመጡት ጥቅል የመዳብ ቱቦ ቆርጠው ሰጡን። ባዶ ቱቦ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። ሐምዛ ደቃቅ አሸዋ ሞላበት፣ ጫፍና ጫፉን ደፈነ፣ በእሳት አለሳልሶ በለስላሳ ጠርሙስ ዙሪያ አጎበጠው። ሲጨርስ አሸዋውን አራግፎ በሎሚና በአመድ ወለወለው። ለሁለት ቀን ከእጁ አላወረደውም፤ የሚያገባ ሰው ቀለበቱን እንደሚያይ ያየው ነበር። ቱቦውን በጠፈጠፍነው የመዳብ ሳህን ላይ በየድነው፣ ሳህኑን ከፕሮሰሰሩ ላይ በሽቦ አሰርነው። መዳብ ግትር ስለሆነ መገጣጠሚያው ላይ አጫጭር የመኪና ጎማ ቱቦ አገባንበት። ግድግዳውን ነድለን ቱቦውን ወደ ውጭ አወጣነውና ከጀርባ በቆመው በርሜላችን ውስጥ ከተትነው። በውሃ ከሚሠራ የድሬዳዋ የቤት ማቀዝቀዣ የወጣች ትንሽ ፓምፕ ከበርሜሉ ሥር ተቀምጣ ውሃውን ትገፋለች፤ ውሃው ኮምፒውተሩን አቀዝቅዞ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይወድቃል።

ሐጂ ዑመር ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ አሰቦት ቆላ ከግመል ጋር ኖሬአለሁ» አሉ። «ግመል እንኳ ጠጥቶ ይበቃዋል። ይሄ ዕቃችሁ ማሊ፣ ምንድነው? ቀኑን ሙሉ ይጠጣል!»

«ሐጂ፣ አይጠጣውም እኮ። መልሶ ይተፋዋል» አለ ሐምዛ።

«ይተፋዋል! አዴ ሐሊማ፣ ሰማሽ?» ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «በዚህ በርሜል ለእኔ ዉዱእ እንዳትቀጂ። ኮምፒውተር የተፋውን ውሃ ፊቴን አልታጠብበትም።»

አዴ ሐሊማ ሳቁ። «አንቱ ምን አለብዎት፣ ይልቅ ልጆቹ ሙቀት እንዳይገላቸው ዱዓ ያድርጉላቸው።»

ሠራ። ፋኑን ነቀልነው፣ ክፍሏ ጸጥ አለች፣ ሐምዛ ዘፈነ። መልሰን ስናዳምጥ ትንፋሹ ይሰማል። ከዚያ በፊት ትንፋሹን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሱም የራሱን ሰምቶ አያውቅም፤ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ቀዳን። ሁሉም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ተሠርተው ሲያልቁ ድሬዳዋ ወስደን ሲዲ ላይ ልናስገለብጥ ነው።

ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ሐጂ ዑመር ሞቱ።

ኮምፒውተሩ ዘፈኖቹን ጠቅልሎ የመጨረሻውን ቅጂ እየሠራ ነበር፤ ያ ሥራ ሰዓታት ይፈጃል፣ ካቋረጡት ከመጀመሪያው ነው። እንደበራ ትተነው ቆለፍንና ለቅሶው ላይ ተቀመጥን። በዚያ ሳምንት ቧንቧ አልመጣም ነበር። የሚቀበር ሰው ደግሞ መታጠብ አለበት። በግቢው ውስጥ ውሃ ያለው የእኛ በርሜል ነበር።

ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ወደ ጀርባ ሲሄዱ ሐምዛ ጉልበቴን ጨበጠ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ላይ ናቸው።

«ከበርሜላችን እየቀዱ ነው» አለኝ በጆሮዬ።

«ሂድና አጥፋው።»

«ዱዓ ላይ ነን እኮ!»

«ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ልነሳ።»

«አንተ? ጴንጤው በዱዓ መሀል ተነስቶ ሊወጣ? ተቀመጥ፣ ወላሂ፣ እኔንም አብረህ ታስቀብረኛለህ።»

እስቲ ፍረዱ። አንተ ብትሆን ትነሳለህ? «ጎረቤቶቼ፣ ይቅርታ፣ የምታጥቡበት ውሃ የኮምፒውተሬ ነው» ትላለህ? በእኛ አገር ለሬሳ ውሃ የከለከለ ሰው ዘፈኑን ማን ይገዛዋል? ሰርግ ላይስ ማን ይጠራዋል? ዱዓው ረዘመ። ሲያልቅ ጀናዛው ተነሣ፤ አንድ ሽማግሌ ሐምዛን ክንዱን ይዘው «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ትከሻህን» አሉት። ወጣት ነው፣ ተከራይ ነው፣ የቤት ልጅ ማለት ነው። ተሸከመ። ቁልፉ በኪሱ እንዳለ፣ ሐጂን በትከሻው ይዞ፣ በስቱዲዮአችን በር አለፈ። እኔ ከሕዝቡ ኋላ ነበርኩ። ዞር ብሎ በሩን ሲያይ አየሁት።

ያም ሆኖ በርሜሉ ባዶውን ቢቀር ኖሮ ምናልባት ፕሮሰሰሩ ብቻ ይሞት ነበር። ፕሮሰሰር ይገዛል። ዘፈኖቹ ያሉት ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው።

በርሜሉ ግን ባዶውን አልቀረም። እኛ መቃብር ሳለን አዴ ሐሊማ ከሐዘናቸው መሀል ቀና ብለው «የልጆቹን ውሃ መልሱላቸው» ብለዋል። ጎረቤት ከአህያ ላይ ውሃ ገዝቶ እስከ አፉ ሞላው። በመሀሉ ኮምፒውተሩ ውሃ አጥቶ ግሎ ጠፍቷል፤ የመገጣጠሚያዋ ጎማም በሙቀቱ ለስልሳ ከመዳቡ ላይ ተንሸራታለች። ፓምፕዋ በራሷ ሶኬት ናት፣ አልጠፋችም። አዲሱን ውሃ አግኝታ በደስታ ገፋችው። ሁሉንም ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ገለበጠችው።

ስንመለስ ውሃው በበሩ ሥር ይወጣ ነበር። ሐምዛ ከፈተና አየ። አልገባም። አዴ ሐሊማ በሴቶች ተደግፈው መጡ።

«ልጆቼ፣ ውሃችሁን አስሞላሁላችሁ» አሉ። «ሐጂ በእናንተ ውሃ ታጠቡ። አላህ ይስጣችሁ።»

«አሚን» አለ ሐምዛ፤ እሳቸው እንዳያዩም በሩን በቀስታ ዘጋው።

ሃርድ ዲስኩን ድሬዳዋ ይዘን ሄድን። ሠሪው ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፣ መለሰልን። የመዳብ ቱቦው ምንም አልሆነም። መንገድ ላይ «እንደገና እንቀዳዋለን» አልኩት።

«በምን?»

እንዳልለምነው ቃል አስገብቶኛል፣ አልለመንኩትም። ዒድን ከቤተሰቡ ጋር በላ፣ በማግስቱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በጫት መኪና ወደ ሚኤሶ ወረደ። አብረውት ከሄዱት አንዱ በኋላ ከየመን ደወለ፤ ሐምዛን ሌላ ጀልባ ላይ እንደጫኑት ተናገረ። ከዚያኛው ጀልባ የደወለ የለም።

እኔ አሁንም ክፍሏን ተከራይቼ ሞባይል እጠግናለሁ። አዴ ሐሊማ ዓይናቸው ደክሟል፤ በክፍሌ በር ሲያልፉ ይቆማሉ።

«ሐምዛ ደወለ?»

«አልደወለም፣ አዴ።»

«ይደውላል፣ ኢንሻአላህ። ያንን ውሃ የሰጠ ልጅ አላህ አይጥለውም።»

ስለ በርሜሉ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ ቀርተናል።