ውሃ ሳይወርድ እጄ አይወጣም

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ስብሰባ መሃል ቁጭ ብዬ ሕልም አየሁ።

ስብሰባው የተጠራው ለውሃው ነው። የውጭ አገር ሰዎችና መንግሥት ተባብረው የተከሉልን የእጅ ፓምፕ፣ ውስጡ ያለች አንዲት ጎማ ተበልታ ውሃው ከቆመ ስምንት ወሩ ነው። የፕሮጀክቱ ሰው አቶ ግዛቸው ግን «ሥራው ተጠናቆ ለሕዝቡ ተላልፏል» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። እጅ አውጡና ይጽደቅ ነው የሚለው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ እኔ እጄን ካላወጣሁ ወረቀቱ አያልፍም። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ዛሬስ አያሳፍሩንም» አለኝ በር ላይ።

«ውሃ ሳይወርድ እጄ አይወጣም» አልኩት።

ሦስተኛው ተናጋሪ ስለ ዘላቂ ልማት ሲጀምር ዓይኔ ተከደነ።

ወዲያው አዳራሹ መስታወት በመስታወት ሆነ። እኔ ከፍ ያለ፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ጎረቤቴ ደብሪቱ መነጽር አድርጋ በቀኜ ናት። ከፊታችን የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ አንዳችንም አልጠማንም። ከታች ፈረንጆቹ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው መሬት ላይ ተሰልፈዋል። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ አገራቸው ድረስ ይሄዳል። ፍየሎች ኮፍያ ያድሏቸዋል። ኮፍያው ላይ የእኔ ፎቶ አለ።

አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ተነሳችና ኢንግሪድ እባላለሁ አለች። አስተርጓሚው የደብሪቱ አህያ ነው።

«ቧንቧችን ከቆመ ስምንት ወሩ ነው። የጎደለችን አንዲት ጎማ ብቻ ናት።»

አህያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ትብብራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ ነው የምትለው።»

«ጎማ ብላለች እኮ፤ እኔም ሰምቻለሁ!»

«እሱ ሪፖርት ላይ አይገባም፣ እትዬ» አለኝ።

ደብሪቱ እስክሪብቶ አነሳች። «በቀን ስንት ጊዜ ይጠማችኋል?»

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ የሚል ሳጥን የለም፣ እህቴ። አንድ፣ ሁለት ወይስ ሦስት?»

«ሦስት ይሁን» አለች ኢንግሪድ ፈራ ተባ እያለች።

«ጥሩ። መጀመሪያ ጥማታችሁ ይጠናል። ቀጥሎ ስለ ጥማት ትሠለጥናላችሁ። ከዚያ እናያለን።»

ላሞች በሜትር የሰዎቹን ከንፈር መለካት ጀመሩ። የተለካ ሁሉ ያጨበጭባል።

ነጠላዬን ላስተካክል ስል ጣቴ ጫፉ ላይ ካለች ቋጠሮ ላይ አረፈ። ጎማዋ ናት። እዚያው ቋጥሬያት ነበር፤ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ኢንግሪድም ቋጠሮዋን አየቻት።

«እሷ ምንድን ናት?»

«ሂደት አለው» አልኳት። ይህን ቃል በዕድሜዬ በአፌ ብዬው አላውቅም። ጣፈጠኝ።

ለምን እንዳልሰጠኋት እስካሁን ይከነክነኛል። ክፋት አልነበረኝም። ወንበሩ ነው ከፍ ያለው። ከዚያ ላይ ሆኜ ሳይ ሰልፉ ይታየኛል፤ የአንዱም ሰው ፊት አይታየኝም። ለካ ፓምፑን የተከሉልን ሰዎችም እንዲህ ነው የሚያዩን፣ አልኩ። ብልም ግን ቋጠሮውን አልፈታሁም።

ኢንግሪድ ጀሪካኗን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ጉንጯን ክዳኑ ላይ አሳርፋ ቁጭ አለች። አቀማመጧን አውቀዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ፓምፑ ሥር እንደዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት።

«እትዬ፣ ሥርዓት!» አለ አህያው።

«ሥርዓትህን ብላው! ውሰጂ፣ ኢንግሪድ!»

ባሕር ማዶ ያለው የመጨረሻው ሰው ሳይቀር እንዲያያት፣ ጎማዋን ይዤ እጄን የቻልኩትን ያህል ወደ ላይ ዘረጋሁ።

ጭብጨባው ቀሰቀሰኝ።

እጄ አዳራሹ መሃል ተዘርግቷል። መዳፌ ውስጥ ምንም የለም።

«እትዬ ማንጠግቦሽም አወጡ!» ይላል አቶ ግዛቸው፣ ከደስታው ብዛት ወረቀቱን እያራገበ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ደብሪቱ ጆሮዬ ሥር፣ «ምነው አንቺ? ምን ነካሽ?» አለችኝ።

ፎቶ አንሺው እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ አልያዘልኝም። እጅዎን አንዴ ይድገሙልኝ።»

ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።